አውራ ጣቱ ለምን ቀለም የለውም?

ዛሬ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሥዕላቸውን አስረከቡ። ከሥዕሉ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ አለ፦ ምን ሣላችሁ? ለምን እንደዚህ?

መነሻችን አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ነበር። ሦስቱ ክፍሎቹ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያሉ። ተማሪዎቹ ደግሞ የቤታቸውን ትናንት፣ ዛሬና ነገ እንዲሥሉ ነገርኳቸው።

አንዷ የእናቷን እጆች ምጣድ ላይ ሣለች። ሁሉንም አሳምራ ቀብታ አውራ ጣቱን ብቻ ባዶ ተወችው።

ጽሑፏን አነበብኩ። «እዚህ ጋ ቃጠሎ አለ። ቀለሙን ብቀላቅል ብቀላቅል አልመጣልኝም» ይላል።

ይቺ ጽሑፍ ባትኖር ሥዕሉን ያልተጨረሰ ነው የምለው። ለዚህ ነው ሥዕልና ጽሑፍ አብረው ይሂዱ የምለው፤ በተለይ ክፍል ውስጥ እጃቸውን ለማያወጡ ልጆች።

እናንተስ፣ ተማሪ ሳላችሁ «ይህን ለምን እንዲህ ሠራኸው?» ብሎ የጠየቃችሁ መምህር ነበር? ምን መለሳችሁ?