ባዝ፦ ፍል ውሃ፣ ትልቅ ዳቦ እና የጃንሆይ ቤት

እንግሊዝ አገር ያለችው ባዝ ከተማ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚሄደው ሮማውያን ወዳነጹት ፍል ውሃ ነው። ምንጩ 46 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ አረንጓዴው ትልቁ ገንዳ ብርድ ሲሆን እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። መዋኘት ግን ክልክል ነው! አጠገቡ ባለው ፓምፕ ሩም በተባለ አዳራሽ የማዕድኑን ውሃ በብርጭቆ ይቀምሱታል፤ ለብ ያለ፣ ብረት ብረት የሚል፣ እውነቱን ለመናገር የማይደገም።

ሆድ ሲጠይቅ ሳሊ ለንስ የተባለው ምግብ ቤት አለ። ትልቅ ለስላሳ ዳቦ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በቀረፋ የተለወሰ ቅቤ ተቀብቶ ይቀርባል።

ሐበሻ ከሆነ ደግሞ ኒውብሪጅ ሰፈር ሳይደርስ ባይመለስ ይመረጣል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሀውስ እዚያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን መጠለያ እንዲሆን ቤቱን ለከተማዋ ሰጡ። የሚከፈትበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።