ድምፅ ጨምርበት!

አባቴ «ይኼ ዕቃ ደከመ፤ ድምፁ ሰለለ» ማለት የጀመረው አምና ክረምት ላይ ነው። ዕቃ የሚለው አምፕሊፋየሩን ነው። ፊቱ ብረት፣ ጎንና ጎኑ እንጨት የሆነ የጃፓን ሥሪት፤ ዕድሜው ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እሱን፣ የሸክላ ማጫወቻውንና ሁለት ኮመዲኖ የሚያካክሉ ስፒከሮቹን ይዞ ሦስት ቤት ቀይሯል። እኛ ልጆቹ ያደግነው «እንዳትነኩ!» እየተባልን ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡናው ሲቆላ፣ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ይጎትታል። አብዛኞቹ አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ናቸው። በነጭ ጨርቅ ይጠርግና መርፌዋን ቀስ አድርጎ ያሳርፋል። ከዚያማ...

«ድምፅ ጨምርበት!»

እጨምራለሁ።

«ጨምርበት እንጂ፣ ምን ትቆጥባለህ!»

እጨምራለሁ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ እሁድ የታችኛዋ ጎረቤታችን መጥታ «ሠርግ አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ስድብ ነው እኮ፣ በጨዋ ደንብ።

እናላችሁ፣ «አባዬ፣ አዲስ እገዛልሃለሁ» አልኩት። አፍ ነዋ!

መርካቶ ወርጄ አንዱ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሳጥን አወጣ።

«ብራዘር፣ አንድ ሺህ ዋት! ሰፈር ያስነሳል።»

«ሰፈር ማስነሳት አልፈልግም፤ ላባቴ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ሁለት ሺህ አለልህ።»

ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። የተለጠፈበት ወረቀት «220 ቮልት፣ 60 ዋት» ይላል። ከግድግዳ 60 ዋት የሚጠጣ ዕቃ አንድ ሺህ ከየት አምጥቶ ነው የሚተፋው? ልጁን ብጠይቀው «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. ነዋ!» አለኝ፣ ይኼንንም አታውቅ በሚል ዓይን። ኋላ እንደገባኝ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. ማለት ወጥ መለኪያ የሌለው፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል በምትቆይ ጉልበት ላይ የሚጻፍ የካርቶን ቁጥር ነው። መጠየቅ ያለበት አር.ኤም.ኤስ. የሚሉት፣ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት ነው። እሱን ስጠይቅ ልጁ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ «እኔ እልካለሁ» አለች። እሷ ጋ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። መሃል ላይ ትራንስፎርመር ሊገባ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ቻርጀር ለመሰካት ሲል ያገኘውን ሁሉ የሚነቅልና መልሶ የትም የሚሰካ ሕዝብ አለ። «ተይው» አልኳት።

በመጨረሻ ሰው ጠቁሞኝ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ሠሪ ጋ ሄድኩ። ጥያቄዬን ሰምተው ሲያበቁ ስለ አምፕሊፋየር አንድም ነገር አላሉም።

«ስፒከሩ ስንት ይላል?»

ከጀርባው ጽፌ ይዤ ነበር። «8 ኦም፣ 90 ዴሲቤል።»

«እንግዲህ ስማኝ» አሉ፣ የያዙትን ካቻቪቴ አስቀምጠው። «90 ዴሲቤል ማለት፣ አንድ ዋት ብቻ ብትሰጠው አንድ ሜትር ላይ 90 ይጮሃል ማለት ነው። ይኼ ለአንድ ሳሎን ከበቂም በላይ ነው። ዋቱን እጥፍ ስታደርገው ደግሞ የምታገኘው 3 ዴሲቤል ነው፤ በቃ። ጆሮህ 'አሁንስ እጥፍ ጮኸ' እንዲል 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል። ለዚያ ዋቱ ዐሥር እጥፍ መሆን አለበት። የ50 ዋቱን ጥለህ የ100 ብትገዛ ብርህን ነው የጣልከው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አይሰማም?»

«ዕቃውን አምጣውና ልየው።»

ወሰድኩላቸው። ሁለት ያበጡ ካፓሲተሮች ቀየሩ፤ የድምፅ ማዞሪያውን አጸዱ፤ ከራሳቸው ስፒከር ጋር አገናኝተው ከፈቱት። መንገደኛ ቆሞ ያዳምጥ ጀመር! እሳቸው ግን ወዲያው ዘጉት።

«ይኼ ዕቃ ጤነኛ ነው» አሉኝ። «አባትህ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«81።»

«እ...» አሉና ክዳኑን ማሰር ቀጠሉ።

ታክሲ ውስጥ አምፕሊፋየሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እየከበደኝ፣ ወደኋላ ማሰብ ጀመርኩ። የበሩ ደወል ሲጮህ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ የሚያነበው ነገር። «የዘንድሮ ሰባኪ ቃል ይውጣል፣ ያልጎመጉማል» እያለ የሚያማርረው ነገር። ልጄን «ይቺ ልጅ አነጋገሯ አልጠራም፣ ሐኪም ይያት» ያለው ነገር። ልጅቷ እኮ ዜና አንባቢ ናት ማለት ይቻላል! እኔ ታዲያ ይኼን ሁሉ እየሰማሁ ዋት ስቆጥር ነበር የከረምኩት።

ቤት ገብቼ አገናኘሁት። አባቴ የአስናቀች ወርቁን ሸክላ አወጣ። እጄን ማዞሪያው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

«ድምፅ ጨምርበት!»

አልጨመርኩም። ሄጄ አጠገቡ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ዕቃው ደህና ነው ተብሏል። ምንም የለበትም።»

ለረጅም ጊዜ ስፒከሩን አየው። ከዚያ፣ «ክራሯን ካጣኋት ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው» አለኝ። «ድምጿ አለ። ጣቷ የለም።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«ዕቃው ነው ብዬ ነዋ!» አለና ተቆጣ። እኔም ዝም አልኩ። ዕቃው ቢሆን እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ጆሮ ሐኪም ጋ ለመሄድ እሺ ያሰኘሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ባለሙያዋ የሞሉት ወረቀት ላይ መስመሩ ከግራ ደህና ይጀምርና ከ2000 ኸርዝ በኋላ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። እርጅና መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው አሉኝ፤ ስ፣ ፍ፣ ት የሚሉትን፣ ቃልን ከቃል የሚለዩትን። ወፍራሙ ይቀራል። ለዚህ ነው «ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም» የሚሉት አዛውንቶች። ሁሉንም አብሮ ማስጮህ ደግሞ አይፈታውም፤ ወፍራሙን ያደነቁረዋል እንጂ።

ከዚያ ከመሳቢያ አንዲት የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር አወጡ። ማይክሮፎን አላት፣ አምፕሊፋየር አላት፣ ስፒከር አላት፤ ባትሪዋ ከሸሚዝ ቁልፍ ታንሳለች። የጎደለውን ብቻ መርጣ እንድትጨምር ትስተካከላለች። ዋጋዋን ሲነግሩኝ የመርካቶው ሁለት ሺህ ዋት ርካሽ መሰለኝ። «መጀመሪያ ሰሞን የሳህን ኳኳታ እንኳ ያስደነግጥዎታል፤ እስኪለምዱት ሳምንታት ይወስዳል» አሉት ባለሙያዋ፣ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው፣ ቀስ ብለው።

አባቴ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ገለባበጣት።

«ስንት ዋት ናት?» አላቸው።

ባለሙያዋ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ክራር ታሰማለች?»