የቍስቋም ጽዋ በሎንዶን

በእንግሊዝ አገር የገና ገበያ የሚከፈተው በእኛ ዘንድ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲቃረብ ነው። በ2011 ዓ.ም. በሎንዶን ሃይድ ፓርክ በሚባለው ሰፊ መስክ ላይ ገበያው ኅዳር 13 ቀን ተከፈተ፤ ጾሙም ኅዳር 15 ቀን ገባ። ስለዚህ በዚያ ወራት ሎንዶንን የሚጐበኝ የኢትዮጵያ ምእመን፥ ሌላው ሲበላና ሲዘፍን እርሱ በጾም ላይ ነው። የአየሩም ነገር ተገላቢጦሽ ነው። የእኛ በጋ የእነርሱ ክረምት ነውና፥ ከቦሌ በጠራ ሰማይ የተነሣውን መንገደኛ በማግሥቱ ጧት ጉምና ብርድ ይቀበሉታል፤ ፀሐይዋም ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አንድ የገርጂ ሰፈር የቅኔ መምህር በሎንዶን የምትኖር ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነበር። ልጅቱ አንድ ቀን ከሥራዋ ዐርፋ፥ «አባባ፥ ዛሬ የገናውን ገበያ አሳይዎታለሁ» ብትላቸው፥ «ገበያው ይቈየን፥ ልጄ፤ አስቀድመሽ ጽዋውን አሳዪኝ» አሏት።

ጽዋው የተባለው በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የሚገኘው የወርቅ ጽዋ ነው። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ከ270 ዓመት በላይ አስቀድመው ለጎንደር ቍስቋም ከወርቅ አክሊል ጋር የሰጡት ነው ይባላል። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንዋይ ወደ መቅደላ ባጋዙ ጊዜ ብዙ ንዋየ ቅድሳት ከየቦታው ተነሣ፤ እውነቱን ለመናገር፥ አስቀድሞ እጁን የዘረጋው እንግሊዝ አይደለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠውተው አምባው ከወደቀ በኋላ ግን የተረፈው ሁሉ ተዘረፈ፤ ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ይነገራል። የጦሩ አለቆች ዕቃውን በደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ አውጥተው ገንዘቡን ለወታደሮቻቸው አከፋፈሉ። ከሠራዊቱ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የሆነ ሪቻርድ ሆምስ የሚባል ነበረ። እርሱም አክሊሉንና ጽዋውን ተሸክሞ ካገኘው ወታደር ሁለቱን በ4 ፓውንድ ገዛ። እንግዲህ ጽዋው ወደ ቤተ መዘክር የገባው በገበያ በኩል ነው።

መቅደላ ከወደቀች 150 ዓመት ስለሞላ ቤተ መዘክሩ በዚያ ጊዜ ከመቅደላ የመጡትን ዕቃዎች ለይቶ ያሳይ ነበር። ለመግቢያ ዋጋ አይጠየቅም። ተመልካቹ በመስተዋቱ ዙሪያ ቀስ እያለ ያልፋል፤ አንዱ ፎቶግራፍ ያነሣል፥ ሌላው የወርቁን ክብደት ይገምታል። መምህሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ በጽዋው ላይ የተቀረጸውን ግዕዝም ፊደል በፊደል በከንፈራቸው ያነቡ ጀመር። የሰጪዎቹ ስም በላዩ አለ። ለቅኔ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ወርቁ ለተመልካቹ ሰም ሆኖ ቀርቷል፥ ወርቁ ያለው በጽሕፈቱ ነው።

ልጅቱ ጠጋ ብላ፥ «አባባ፥ ሰው እያየን ነው» አለች።

«ይየን፥ ልጄ፤ ሊያዩ መጥተው የለምን?»

ይሁን እንጂ ወደ መስተዋቱ ቀርበው ለመሳለም አልደፈሩም። በሥርዓታችን ጽዋን ከካህንና ከዲያቆን በቀር የሚነካው የለም። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ አያዩአቸውም። ለታቦቱ ክብር ክልከላውን የጠበቁ ሰዎች ጽዋውን ስለ ምን በመብራት ፊት እንዳቆሙት፥ አንባቢ ይመርምረው። ከዚህም የሚያስገርም አለ። ኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ንብረቷ እንዲመለስ ስትጠይቅ፥ በ2010 ዓ.ም. የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር አለቃ የሰጡት መልስ፥ ዕቃው በረዥም ጊዜ ውሰት ሊሄድ ይችላል የሚል ነው። ባለቤት የገዛ ዕቃውን ከወሰደበት ሰው ሲዋስ የሚጻፈው ውል ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚያውቅ ዳኛ ካለ ይንገረን። በ1994 ዓ.ም. በኤድንብራ የምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን በእጇ የነበረውን ታቦት ስትመልስ ስለ ውሰት ያነሣ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሃይድ ፓርክ በእግር ሄዱ። የገና ገበያ የጀርመኖች ልማድ ነው፤ የድሬስደን ከተማ ገበያ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1434 ዓ.ም. ጀምሮ ይታወቃል። የሎንዶኑ ግን ከገበያነቱ ይልቅ ጨዋታነቱ ያመዝናል። ሰማይ የሚያክል መዘውር ይዞራል፥ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች ይወድቃሉ ይነሣሉ፥ የአሳማ ቋሊማ በየድንኳኑ ይጠበሳል። ለጿሚ የተገኘው በፍም ላይ የተጠበሰ፥ ለውዝ የሚመስል የዛፍ ፍሬ ብቻ ነው። መምህሩ ትኩሱን ፍሬ በወረቀት ይዘው፥ ከመብላት ይልቅ እጃቸውን ያሞቁበት ነበር።

ያ ገበያ ታኅሣሥ 28 ቀን፥ በእኛ ገና ዋዜማ ተዘጋ። በዚያ ዕለት መምህሩ ወደ አገራቸው ተመልሰው በሾላ ገበያ፥ ቄጤማና ሽንኩርት በተከመረበት፥ በሕዝቡ መካከል ይጋፉ ነበር። የዶሮ ነጋዴው ለአንድ አውራ ዶሮ የጠራባቸው ዋጋ በልባቸው ሲመነዝሩት ከ4 ፓውንድ በላይ ሆነ። የዘመኑ ገንዘብ ልዩ መሆኑን ያውቃሉ፤ ነገር ግን እንደ ወትሮው ሳይከራከሩ ከፍለው ሄዱ።