ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

ልምሻ የሚለውን ቃል ቤታችሁ ውስጥ ሰምታችሁት ይሆናል። ፖሊዮ ማለት ነው። ደሴ የምትኖረው አክስቴ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ግራ እግሯ አይታዘዛትም። ጎረቤት የሰው ዓይን ነው ይል ነበር። አያቴ ደግሞ "ልጄን ብርድ አስመታኋት" እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረው አረፉ።

እኔ እዚህ አሜሪካ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት አክስቴ በስልክ፣ "አንተ የተማርከው ልጅ፣ ይሄ ቫይረስ የምትሉት እንዴት አድርጎ ነው እግሬን የያዘው?" አለችኝ። አክስቴ ጥጥ ፈትላ ለሸማኔ ሰጥታ ነጠላ ታሠራለች። ስለዚህ ከሸማኔ ጀመርኩላት።

በሕዋሶቻችን ውስጥ ራይቦዞም የሚባሉ እጅግ ብዙ ሸማኔዎች አሉ። የሚሸምኑት ፕሮቲን ነው። ምን እንደሚሠሩ የሚነግራቸው መልእክተኛ አር ኤን ኤ የሚባል ረጅም ደብዳቤ ነው። የደብዳቤው ጫፍ ላይ እንደ ማኅተም ያለ ነገር አለ፤ ሳይንቲስቶች ቆብ ይሉታል። በር ላይ ከሚቆሙት ፕሮቲኖች አንዱ ቆቡን ይይዛል። ሌላው ደግሞ፣ ስሙ አስቸጋሪ ስለሆነ "አገናኝ" እንበለው፣ ደብዳቤውን ከሸማኔው ጋር ያገናኛል። ከዚያ ራይቦዞሙ ከጫፍ ተነሥቶ ይራመዳል፤ ኤ፣ ዩ፣ ጂ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ሲያገኝ ሥራውን ይጀምራል።

የፖሊዮ ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባው ወደ 7,500 ፊደላት ያሉት አንድ የአር ኤን ኤ ክር ይዞ ነው። ራይቦዞም የለውም። ክሩም ቆብ የለውም። በደንቡ ከሆነ ሸማኔው ሊያነበው አይገባም ነበር።

እንቆቅልሹ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሞንትሪያል በሚገኘው ማጊል ዩኒቨርሲቲ ጄሪ ፔሌቲየርና ናሆም ሶነንበርግ በፖሊዮ ቫይረስ ላይ፣ በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የኤካርድ ዊመር ቡድን በአንድ ዘመድ ቫይረስ ላይ መልሱን አገኙ። በፖሊዮ ክር መጀመሪያ ላይ ያሉት ወደ 740 የሚሆኑ ፊደላት ፕሮቲን አይሠሩም። ተጣጥፈውና ተጠማዝዘው ማረፊያ ይሆናሉ። ራይቦዞሙ ከጫፍ መምጣቱ ቀርቶ በቀጥታ እዚያ ያርፋል።

ቫይረሱ በዚህ አይበቃውም። ከሚያሠራቸው ፕሮቲኖች አንዱ መቀስ ነው፤ አገናኙን ለሁለት ይቆርጠዋል። ቆብ ያዡ ከሸማኔው ይለያል፤ ራይቦዞምን የሚስበው ቁራጭ ግን ለቫይረሱ ማገልገሉን ይቀጥላል። የሕዋሱ የራሱ ደብዳቤዎች ማኅተማቸውን ይዘው ደጅ ይጠናሉ። (ደጅ መጥናት ማለት ጉዳይን ለማስፈጸም ሰው በር ላይ እየተመላለሱ መጠበቅ ነው።) አክስቴ እዚህ ላይ ሳቀች፤ "በገዛ ቤቱ ቀሙት በለኛ!"

ሕዋሱ በመጨረሻ ይሞታል። የሞተው በአከርካሪ ውስጥ ያለ፣ ጡንቻን የሚያዝ የነርቭ ሕዋስ ከሆነ ጡንቻው ትእዛዝ አያገኝም፤ እግር ይሰልላል። ይህ የሚደርሰው በቫይረሱ ከተያዙ 200 ሰዎች በአንዱ ላይ ገደማ ነው። ቫይረሱ በአብዛኛው የሚገባው በአፍ ነው፤ በንክኪ፣ በተበከለ ውሃ ወይም ምግብ። ብርድ የለበትም፤ የእናት ጥፋትም የለበትም። ይህን ሁለት ጊዜ ደገምኩላት።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ክትባቱ ነው። አልበርት ሳቢን በ1950ዎቹ ያዘጋጀው የአፍ ጠብታ የተዳከመ ቫይረስ ነው። በኋላ ፊደላቱ ሲነበቡ፣ በሦስቱም የክትባቱ ዓይነቶች ከዋነኞቹ ለውጦች አንዱ እዚያው ማረፊያው ውስጥ የተቀየረ አንድ ፊደል ሆኖ ተገኘ። በዚያ ፊደል ምክንያት ቫይረሱ በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ራይቦዞምን እንደ ልቡ መያዝ ያቅተዋል። ሳቢን ጠብታውን ሲሠራ ማረፊያ የሚባል ነገር መኖሩ እንኳ አይታወቅም ነበር።

አንድ ፊደል ግን ተመልሶ ሊለወጥ ይችላል። ብዙ ሕፃናት ባልተከተቡበት አካባቢ ከጠብታው የመነጨ ቫይረስ እየተላለፈና እየተለወጠ ልጆችን አሰልሏል፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ደርሷል። ስለዚህ ለዓይነት 2 ፖሊዮ አዲስ ጠብታ ተሠራ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በኖቬምበር 2020 ለአስቸኳይ ጊዜ እንዲውል ፈቀደ። በአዲሱ ጠብታ የማረፊያው ፊደላት ሆን ተብለው በብዙ ቦታ ስለተቀየሩ፣ ቫይረሱ በአንዲት ፊደል ለውጥ ብቻ ወደ ድሮ ጉልበቱ አይመለስም።