በጥቁር ድንጋይ ውስጥ ያለ ውሃ

ከሕንዷ የፑኔ ከተማ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ የዝናቡን አገር ወደ ኋላ ይተወዋል። የምዕራብ ጋት ተራሮች ከአረብ ባሕር የተነሳውን ደመና እዚያው አራግፈው ያስቀሩታል፤ ከተራሮቹ ጀርባ ላለው የማሃራሽትራ አምባ የሚደርሰው ትራፊው ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ አህመድናጋር ይባል በነበረው በአሂልያናጋር አውራጃ ገበሬው የሚዘራው ይህንን ትራፊ አምኖ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ዓይን ቦታው እንግዳ አይደለም። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ማሳው ማሽላና ሽምብራ ያበቅላል። አፈሩ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ በክረምት እግር የሚይዝ ዋልካ ነው። ከሥሩ ያለውም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዴካን የሚባለው የዚህ አምባ ድንጋይ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ የእኛ ደጋ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የፈሰሰ። ይህ ድንጋይ እንደ አሸዋ በሁለመናው ውሃ አይዝም። ውሃው ያለው በስንጥቁ፣ ፈራርሶ በላላው የላይኛው ክፍል፣ በአንዱ የላቫ ንጣፍና በሌላው መካከል ነው። ስለዚህ አንዱ ቆፍሮ ሲያገኝ ጎረቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆፍሮ ባዶውን ይቀራል።

ያንን ኪሳራ ለመቀነስ ባለሙያዎች ጂአይኤስ በተባለው የኮምፒውተር ዘዴ ካርታ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ በራዳር የለካችው የመሬት ከፍታ ዛሬ ለማንም በነጻ ይገኛል፤ ከእሱ ተዳፋቱና የወንዞቹ መረብ ይወጣሉ። ከሳተላይት ምስል ደግሞ ረጃጅም የድንጋይ ስንጥቆች ይነበባሉ፤ በበጋ አካባቢው ሁሉ ሲጠወልግ በቀጥታ መስመር አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ቁጥቋጦ ከሥሩ ስንጥቅ ስለመኖሩ ይጠቁማል። የድንጋዩ ዓይነት፣ አፈሩ፣ ዝናቡና የመሬቱ አጠቃቀም ተጨምረው እያንዳንዳቸው እንደ ክብደታቸው ነጥብ ይሰጣቸዋል። አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ ሲደመር ውሃ የመያዝ ዕድሉ ከፍተኛ የሆነው ቦታ ከዝቅተኛው ይለያል። በመጨረሻ ውጤቱ በነባር ጉድጓዶች ይፈተሻል። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2012 በጀመረችው ብሔራዊ መርሐ ግብር 2.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መሬቷ ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ በዚህና በሌሎች ዘዴዎች ካርታ ላይ አስፍራለች።

የካርታውን ወሰን የተረዳሁት ግን በአንድ ገበሬ ጉድጓድ አፋፍ ቆሜ ነው። የዚህ አገር ጉድጓድ እንደ ትንሽ ቤት የሰፋ ነው፤ ግድግዳው ላይ የምድሩ ታሪክ ተራ በተራ ይታያል። ከላይ ዋልካው፣ ቀጥሎ በእጅ የሚፈረፈር ድንጋይ፣ ከዚያ ጠንካራው ጥቁር ዓለት፣ ከእሱ በታች ክንድ የማይሞላ ቀይ ሸክላማ ንጣፍ። ከቀዩ ንጣፍ በላይ ግድግዳው ያዥ ነበር፤ ከሥሩ ደረቅ። ውሃውን ወደ ታች እንዳይዘልቅ የከለከለው ያ ቀጭን ሸክላ ከሰማይ አይታይም። ሰውየው ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን ሜትር ወደ ታች ለቀቁት፤ ብረቱ ውሃውን ሲነካ ቁጥሩን አንብበው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ሳተላይቱ ያላየውን የሚሞላው እንዲህ ያለ ደብተር ነው።

ሌላም ፈተና አለ። ሕንድ በዓለም ከሁሉ በላይ የከርሰ ምድር ውሃ የምትስብ አገር ናት፤ አሜሪካና ቻይና ተደምረው አይደርሱባትም። ውሃው የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ገደብ በሌለበት አገር መቆፈሪያ መኪናውን ወደ መጨረሻው ጠብታ የሚመራ ይሆናል።

በዚያው በአሂልያናጋር አውራጃ ያለችው የሂወሬ ባዛር መንደር የተለየ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ በፖፓትራኦ ፓዋር መሪነት ነዋሪዎቿ በነጻ ጉልበታቸው እርከን ሠሩ፣ ልቅ ግጦሽና ዛፍ መቁረጥ ከለከሉ። ለመስኖ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር አይፈቀድም፤ ውሃ የሚጨርሰው ሸንኮራ አገዳም አይተከልም። በየዓመቱ የወረደው ዝናብና የጉድጓዶቹ ከፍታ ተለክቶ የውሃ በጀት ይያዛል፤ ቅድሚያ ለሰውና ለከብት መጠጥ፣ ከዚያ ለእርሻ። ዝናቡ ባነሰበት ዓመት ውሃ የሚፈጅ ሰብል ይቀራል።

እኛም አገር የውሃ ፓምፑ እየበዛ፣ የበጋ መስኖ ስንዴው እየሰፋ ነው። ካርታ የሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎችም አሉን። ሥራቸው ለቆፋሪ ድርጅት ብቻ ተሰጥቶ ከቀረ ጥቂቶች ቀድመው ይስቡታል፤ ሌላው ውሃው ሲርቅ ያያል። ካርታው በቀበሌው ስብሰባ መሐል ይዘርጋ፤ ከጎኑ የዝናብ መለኪያና የጉድጓድ ደብተር ይኑር፤ ስንት እንደሚወጣ ገበሬው ራሱ ይወስን። ይህን ማድረግ የሚቀለው ጉድጓዶቹ ገና ጥቂት ሳሉ፣ ማለትም ዛሬ ነው።