የወንዝ ዳር ሒሳብ፦ ቅኝት ከቂርያት ጋት ፋብሪካዎች እስከ ላኪሽ ወንዝ

ወደ እስራኤሏ ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና የሚገባ እንግዳ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በኢንቴል ግዙፍ ፋብሪካ ላይ ነው። ስለ ቀጠናው የሚጻፈውም አብዛኛው ስለ ቺፕ ነው። እኛ ግን ለፋብሪካው ጀርባችንን ሰጥተን የዝናቡን ውኃ እንከተል። ውኃው የሚያደርሰን ላኪሽ ወንዝ ዳር፣ ማሳውና አፋፉ የሚገናኙበት ጠባብ መሬት ላይ ነው። ያ መሬት ሳይታረስ፣ ሣርና ቁጥቋጦ ለብሶ ቢቀር ማን ይጠቀማል? ማንስ ይከስራል? በአገራችን በኢትዮጵያ «በፈር ዞን» እየተባለ የሚጠራው የወንዝ ዳር መከለያ ሁሉ የሚያስነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።

ከእርሻ የተወለደ ቀጠና

ቂርያት ጋት የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የላኪሽ አካባቢ የሰፈራ ዕቅድ ማዕከል ሆና ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ሞሻቮችና ኪቡጾች የተባሉት የኅብረት የእርሻ መንደሮች ያመርታሉ፣ ከተማዋ ትፈበርካለች። ሱጋት የተባለው የስኳር ፋብሪካ የተተከለው በዙሪያው የሚለማውን ሹገር ቢት ለመጭመቅ ነበር። ጥጡም የሚዳመጥበትና የሚፈተልበት አገኘ፤ ፖልጋት የሚባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት የከተማዋ እንጀራ ነበር። ኋላ ሹገር ቢቱ ከማሳው ጠፋ፤ ሱጋትም ጥሬ ስኳር ከውጭ እያስገባ ወደ ማጣራት ዞረ። የኢንቴል የመጀመሪያው ፋብሪካ በ1999፣ ሁለተኛው በ2008 ሥራ ጀመሩ።

በዚህ መንገድ ፋብሪካውና ማሳው በገበያ ተለያዩ። በውኃ ግን አልተለያዩም፤ ከቀጠናው ጣሪያና አስፋልት የሚወርደው ጎርፍ አሁንም የሚያልፈው በእርሻው መሐል ነው።

ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። በታኅሣሥ 2023 የእስራኤል መንግሥት ለኢንቴል የ25 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ 3.2 ቢሊዮን ዶላር ሊደጉም ተስማማ። በ2024 አጋማሽ ሥራው መገታቱ ቢዘገብም መርሁ አልተለወጠም፤ አንድ ባለሀብት ለአገር የሚተርፍ ሥራ ይሠራል ተብሎ ሲታመን መንግሥት ወጪውን ይጋራል። ወንዙ ዳር ስንደርስ ይህ መርህ ያስፈልገናል።

ጣሪያው፣ አስፋልቱ፣ ቦዩ

በቂርያት ጋት አካባቢ የሚዘንበው በዓመት ከ400 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ጎንደር ከሚዘንበው ከግማሽ በታች ነው። የሚዘንበውም በክረምታቸው፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። አብዛኛው ግን በጥቂት ከባድ ዝናቦች ተጠቅልሎ ይመጣል። ሜዳ ላይ የወደቀው ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ጣሪያና መኪና ማቆሚያ ላይ የወደቀው ግን መስረጊያ ስለሌለው ወዲያው ወደ ቦይ ይገባል። ቦዩ ሲሞላ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የፈጠነ ውኃ ደግሞ የወንዙን አፋፍ ከሥሩ እየፈለፈለ ይንዳል።

አፋፉ ሲናድ የሚሄደው የገበሬው መሬት ነው። ስለዚህ የወንዝ ዳር መከለያ ነገር የእርሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከላይ አስፋልት ያነጠፈው ሁሉ ድርሻ አለበት።

አፋፉ ላይ

ላኪሽ ከኬብሮን ተራሮች ተነሥቶ፣ በቂርያት ጋት አጠገብ አልፎ፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አሽዶድ ላይ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። በጋውን አብዛኛው የላይኛው ክፍል ደረቅ አሸዋና ሸምበቆ ነው። በዝናብ ወቅት በሰዓታት ውስጥ ይሞላል።

በዙሪያው ካሉት አፈሮች አንዱ ጥቁርና ሸክላማ ነው፤ ጎጃምና ጎንደር ያረሰ ሰው ሲያየው ዋልካ ይለዋል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ውኃ ከጠገበ በኋላ ደግሞ ተጨማሪ አይቀበልም። በዚህ ዓይነት አፈር ላይ የሣር መከለያ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይቶ ማወቅ ያሻል። ጎርፉ በሣሩ መሐል ተበትኖ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ አሸዋውና ሻካራው አፈር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይቀራል። ደቃቁ ሸክላ ግን ረጅም ርቀት ተንሳፍፎ ስለሚሄድ ሰፋ ያለ መከለያ ይፈልጋል። ጎርፉ ቦረቦር አበጅቶ በአንድ መስመር ከመጣ ደግሞ መከለያውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ያኔ የሣሩ ስፋት ምንም አይፈይድም። ለዚህ ነው ከላይ እርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ሳይሠራ ከታች ሣር መትከል ገንዘብ ማባከን የሚሆነው።

ሒሳቡ

አሥር ሜትር ስፋት ያለው መከለያ በአንድ ኪሎ ሜትር ወንዝ ዳር፣ በአንድ ወገን ብቻ፣ 1 ሔክታር ወይም በእስራኤል መለኪያ 10 ዱናም ይወስዳል። ይህ ለሁሉም ገበሬ እኩል ነው። እኩል ያልሆነው ከማሳው የሚወስደው ድርሻ ነው። ማሳው ከወንዙ ወደ ውስጥ 500 ሜትር የሚዘልቅ ከሆነ መከለያው የሚወስደው 2 በመቶ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ 50 ሜትር ብቻ ከሆነ ግን 20 በመቶ ይወስዳል። ሕጉ ለሁለቱም «አሥር ሜትር» ሲል እኩል የሚመስል ሸክም ያሸክማል፤ አንዱን ይቧጭረዋል፣ ሌላውን ይሰብረዋል።

በላኪሽ ሜዳ ያሉት የኪቡጽ የስንዴ ማሳዎች ሰፋፊ ናቸው። የማሳ ዳር ደግሞ ትራክተር የሚዞርበት፣ አፈሩ የተደፈጠጠ፣ ምርቱ ከመሐሉ ያነሰ ቦታ ነው። ዳሩ የመሐሉን ግማሽ የሚሰጥ ነው ብንል ከመሬቱ 2 በመቶ የተወሰደበት ገበሬ ከምርቱ የሚያጣው 1 በመቶ ገደማ ነው። ማሳው የፍራፍሬ እርሻ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የወይን ወይም የአልሞንድ ተክል ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ፈጅቷል፤ የጠብታ መስኖ ቱቦ ተዘርግቶለታል። አንድ ረድፍ መንቀል የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓመት ወጪ መንቀል ነው። ስለዚህ መከለያ የሚሰፋበት ርካሹ ጊዜ አሮጌው ተክል ተነቅሎ አዲሱ ከመተከሉ በፊት ያለው ነው።

መሬቱ ተሰጥቶም ወጪው አያልቅም። የላኪሽ በጋ ደረቅና ረጅም ነው፤ ያልታጨደ ሣርና ሸምበቆ እሳት ይዞ ወደ ስንዴው ሊዘልቅ ይችላል። የዱር አሳማም ቁጥቋጦው ውስጥ ይጠለላል። ማጨዱ፣ የእሳት መከላከያ መጥረጉ፣ አረሙን መቆጣጠሩ በየዓመቱ ሰውና ማሽን ይጠይቃል። ይህን ወጪ ሳይቆጥሩ «ተፈጥሮ ራሷ ትጠብቀዋለች» የሚሉ ዕቅዶች ገበሬውን ከመጀመሪያው ያጣሉ።

በሌላው ወገን ደግሞ መከለያ የሌለው ገበሬ የሚያጣው አለ። አፋፉ በዓመት አንድ ሜትር የሚናድ ቢሆን በአሥር ዓመት ውስጥ ያው አሥር ሜትር ይሄዳል። ልዩነቱ፣ ለሣር የተሰጠው መሬት አሁንም መሬት ነው፤ ወንዙ የወሰደው ግን ደለል ሆኖ አሽዶድ ይደርሳል። አፋፉ በሚናድበት ቦታ ምርጫው በመሬትና በመከለያ መካከል አይደለም፤ መሬቱን በፈቃድ በመስጠትና በግድ በመነጠቅ መካከል ነው። አፋፉ በማይናድበት ቦታ ግን ይህ ክርክር አይሠራም፤ ገበሬው የሚያጣው ለሌሎች ሲል ነው።

ጥቅሙ የሚያርፈው ታች ነው

እነዚያ «ሌሎች» እነማን ናቸው? ወንዙን ተከትለን ብንወርድ እናገኛቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የውኃ ማፋሰሻና የጎርፍ መከላከያ ሕግ በየተፋሰሱ ባለሥልጣን አቋቁሟል፤ ላኪሽ በሶሬቅ ላኪሽ ባለሥልጣን ሥር ነው። ደለል ቦይ ሲደፍን በኤክስካቫተር የሚያስጠርገው፣ የተናደ አፋፍ የሚያስጠግነው እርሱ ነው። ከላይ የቀረ አፈር ሁሉ ለእርሱ ያልወጣ ገንዘብ ነው። ወንዙ ባሕር በሚገባበት በአሽዶድ ደግሞ ዳርቻው የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል፤ ለናፋሹ ሰው ውኃው መጥራቱ ጥቅም ነው። በ2006 የጸደቀው ታማ 34/ለ/3 የተባለው አገር አቀፍ ዕቅድም የወንዝ ዳር መሬት ለጎርፍ መተንፈሻ እንዲተው አድርጓል። ተጠቃሚው ከተማ፣ ፋብሪካ፣ መንገድና ባቡር ነው። መሬቱን የሚለቀው ገበሬ ነው።

ታዲያ የኢንቴልን መርህ እዚህ እናምጣው። ከወጪው አንድ ስምንተኛ የሚሆነውን መንግሥት ሊጋራ የተስማማለት ፋብሪካ ካለ፣ ለሕዝብ ብሎ መሬቱን የሚተው ገበሬ ምን ይጋራለት? በእስራኤል መልሱ ሩቅ አይደለም። ከአገሪቱ መሬት 93 በመቶ ገደማ የመንግሥትና የሕዝብ ተቋማት ነው፤ ሞሻቮችና ኪቡጾች የሚያርሱት በሊዝ ነው። ለመከለያ የተተወው ዱናም ከሊዝ ክፍያ ቢቀነስ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም።

የፎገራ ወንዝ ዳር

ቂርያት ጋት ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ከአባቶቻቸው ብዙዎቹ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በጎንደር ምድር የሌላ ሰው ርስት ያረሱ ጭሰኞች ነበሩ። ሸክሙ በማን ጫንቃ እንደሚያርፍ የሚጠይቀውን ጥያቄ ማንም ሊያስረዳቸው አያሻም።

በዚያው ጎንደር፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከላይ ከታረሰው ተዳፋት ያመጡትን ደለል ሐይቁ ውስጥ ያራግፋሉ። ከደለሉ ጋር የሚገባው የማዳበሪያ ቅሪት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣና ላይ ለተስፋፋው እምቦጭ ምግብ ነው። ዩኔስኮ በ2015 ጣናን የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ ሲመዘግብ የሐይቁና የወንዞቹ ዳር ጥበቃ የዓለም ጉዳይ ሆነ።

ነገር ግን የላኪሽን ሒሳብ እንዳለ ወደ ፎገራ መውሰድ ስሕተት ነው። በላኪሽ የመስኖ ውኃ ከሩቅ በቱቦ ይመጣል፤ እስራኤል ከከተማ ፍሳሽዋ 90 በመቶ የሚጠጋውን አጣርታ ለእርሻ ታውላለች። ስለዚህ የወንዙ ዳር ከሌላው ማሳ የሚበልጥበት ነገር የለም፤ እንዲያውም ያንሳል። በፎገራ ተቃራኒው ነው። ፓምፑ የሚተከለው ወንዙ አፋፍ ላይ ነው፤ በጋ ሽንኩርት የሚለማው ውኃው ጎን ነው፤ ከመሬቱ ሁሉ ውዱ እርሱ ነው። በዚያ ላይ ማሳው ጠባብ ነው። ሃምሳ በሃምሳ ሜትር የሆነ አንድ ጥማድ ወንዙን ተጎራብቶ ቢገኝ አሥር ሜትሩ አንድ አምስተኛውን፣ ያውም ምርጡን ይወስዳል።

ሆኖም ፎገሬው ሣሩን ወደ ጥቅም የሚለውጥበት አንድ ነገር አለው፤ ከብት። በላኪሽ ሣሩን ማጨድ ወጪ ሲሆን፣ ፎገሬው ለድርቆሽ ይሻማል። በመከለያው ላይ ዝሆኔ ሣር ወይም ሰስባንያ ተክሎ፣ ከብት ሳያስገባ አጭዶ ቢያበላ፣ ከጠፋው ሽንኩርት የተወሰነው በወተትና በሰንጋ ይመለሳል። ይህ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። መሬቱ በይዞታ ደብተሩ ላይ በገበሬው ስም መቅረት አለበት። የቀበሌ ወል ተብሎ ከተወሰደ ሣሩን ማንም ያስግጠዋል፤ መከለያውም በሁለት ክረምት ይጠፋል።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ዴንማርክ በ2012 በወንዞችና በሐይቆች ዳር አሥር ሜትር እንዳይታረስ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። ገበሬው ተቃወመ፤ ስፋቱ በ2014 ወደ ዘጠኝ ሜትር ወረደ፤ በ2016 ሕጉ ተሻረ። የአሜሪካዋ ሚኒሶታ በ2015 ያወጣችው ሕግ የሕዝብ ውኃዎች ዳር በአማካይ 50 ጫማ፣ የሕዝብ ቦዮች ዳር 16 ጫማ ተኩል ያስገድዳል፤ ለመሬቱ አቀማመጥ የሚስማማ ሌላ ዘዴ ላቀረበ ገበሬ ግን አማራጭ ይሰጣል። ሜሪላንድ በ1997 የጀመረችው መንገድ ደግሞ ውል ነው፤ ገበሬው የወንዙን ዳር ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይተዋል፣ መንግሥት ኪራይ ይከፍለዋል። ገበሬው መሬቱን እንደ ሰብል ያከራያል ማለት ነው።

ከሦስቱ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። ስፋትን በሜትር ብቻ የለካ ሕግ የማሳውን ቅርፅና የገበሬውን ኪስ ሳይለካ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ተቃውሞው ከሕጉ ይበረታል።

ከቂርያት ጋት ተነሥተን እዚህ ከደረስን መደምደሚያው ሦስት ነገር ይጠይቃል። መጀመሪያ፣ አፋፉ የሚናድበትና የማይናድበት ቦታ ይለይ፤ በሚናድበት ገበሬው ለራሱ ሲል ይጋራ፣ በማይናድበት ታች ያለው ተጠቃሚ ይክፈል። ሁለተኛ፣ መከለያው ከአንድ ማሳ ሊወስድ የሚችለው ድርሻ ጣሪያ ይኑረው፤ ከዚያ ያለፈው በካሣ ወይም በሌላ መሬት ይተካ። ሦስተኛ፣ ከላይ ሆኖ ጣሪያና አስፋልት የሚያሰፋ ሁሉ፣ ፋብሪካም ይሁን ከተማ፣ ለሚያፈጥነው ጎርፍ ድርሻውን ይክፈል። ላኪሽ ላይ ይህ በሊዝ ቅናሽ ሊጀመር ይችላል። ጣና ላይ ግን ገበሬው ሣሩን ራሱ የማጨድ መብት እንዳለው በጽሑፍ ካልተረጋገጠለት ማረሱን አያቆምም፤ የሚያቆምበት ምክንያትም የለውም።