ግጥሙን የዋጠው ማን ነው?

ዘፈኑ ያለቀው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ስቱዲዮው አንዲት የኪራይ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ላይ ስፖንጅ ተለጥፏል፣ ጥግ ላይ ፍራሽ ቆሟል። ሚክስ የሚያደርገው ወጣት ስፒከሮቹን ጮክ አድርጎ ሦስት ጊዜ ሰማው። ቤዙ ደረት ይመታል፣ ኪቦርዱ ያብረቀርቃል። ደስ ብሎት ተኛ።

ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩን ለምኖ በመኪናው ቴፕ አስከፈተው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ማንን ነው የመታው?» ብለው ጠየቁ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ድምፃዊቷ ያለችው «መጣ» ነው። የተሰማው ግን «መታ» ነበር።

ወጣቱ አልሳቀም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስተካክለው ያደረው ዘፈን ዋናውን ቃል ጥሎ ነው የወጣው። ስቱዲዮ ተመልሶ ቁጭ ሲል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ገባው፤ ችግሩ የት ቦታ እንዳለ አያውቅም። እስከዚያ ድረስ ሲሠራ የኖረው ስክሪኑ ላይ የሚወጣና የሚወርደውን መስመር እያየ ነው። ሚክሱን የሠራው ዐይኑ እንጂ ጆሮው አልነበረም።

ይህ የአንድ ወጣት ችግር ብቻ ቢሆን ባልተጻፈ። የአማርኛ ዘፈን አድማጭ ዘፈንን የሚመዝነው በግጥሙ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ አንዲት ፊደል ስትጠፋ ወርቁም አብሮ እንደሚሄድ ያውቃል። ታላላቆች «የዛሬ ዘፈን ምን እንደሚል አይሰማም» ሲሉ ወጣቱ በዕድሜ ያሳብባል። አንዳንዴ ግን ነገሩ የዕድሜ አይደለም፤ ቃሉ በእርግጥ አይሰማም።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ ኸርዝ ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያለው የንዝረት ቁጥር ነው። ሚክስ ማድረግ ይህን ሰፊ ቦታ ለመሣሪያዎቹና ለድምፃዊው ማከፋፈል ነው። ሁለት ድምፆች አንድ ቦታ ላይ ሲጋፉ ጉልበተኛው ሌላውን ይሸፍነዋል። «መጣ»ን ከ«መታ» የሚለየው የ«ጠ» ፍንዳታ ከዐይን ጥቅሻ ያጠረ ነው፤ ጎልቶ የሚሰማውም ከ2,000 ኸርዝ በላይ ባለው ሰፈር ነው። ኪቦርዱ ያብረቀረቀው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነበር።

መድኃኒቱ ውድ ዕቃ መግዛት አልነበረም። ጓደኛው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፣ እሱ ጀርባውን ያዞራል። ባለሙያዎች ፒንክ ኖይዝ የሚሉት፣ እንደ ፏፏቴ «ሿ» የሚል ወጥ ድምፅ ይከፈታል። ጓደኛው ከአሥር ቦታዎች አንዱን በ12 ዴሲቤል ከፍ ያደርጋል፦ 31፣ 63፣ 125፣ 250፣ 500፣ 1,000፣ 2,000፣ 4,000፣ 8,000 ወይም 16,000። እያንዳንዱ ከበፊቱ እጥፍ ያህል ነው። እሱ የትኛው እንደሆነ ይገምታል። በቀን 15 ደቂቃ፣ ከዚያ አይበልጥም፤ የደከመ ጆሮ ይዋሻል። 12 ሲለመድ ወደ 6፣ ከዚያ ወደ 3 ዴሲቤል ይወርዳሉ። ቀጥሎ በ«ሿ»ው ፋንታ እውነተኛ ዘፈን ይገባል። በመጨረሻ ከፍ ማድረጉ ቀርቶ መቀነስ ይመጣል፤ የጎደለን መስማት የተጨመረን ከመስማት ይከብዳልና።

መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ይስት ነበር። ያወጣው የልጅነት ፊደሉ ነው። «ሁ» ሲባል የአፍ ቀለም በግምት ወደ 250 ያደላል፣ «ሆ» ወደ 500፣ «ሃ» ወደ 1,000፣ «ሄ» ወደ 2,000፣ «ሂ» ወደ 4,000። ድምፁ «ሆ» ያለው ሲመስለው 500 ይላል። «ሰ» ሲጎተት የሚሰማው ፉጨት ደግሞ ወደ 8,000 ያቀርበዋል። ስም ያልወጣለት ድምፅ «የሆነ ነገር ይረብሻል» ከማለት አያልፍም። ስም ሲያገኝ ግን እጅ ቀጥታ ወደ ቦታው ይሄዳል።

ቁጥር ማወቅ ብቻውን ግን አያድንም። የበገና አውታር በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል፤ ያ የሚታወቀው እዝዝታ የሚመጣው ከዚያ ነው። መሣሪያውን ሳያውቅ ቁጥር ብቻ የተማረ ሰው «ጉድለት ነው» ብሎ እዝዝታውን ይቆርጠዋል፤ በዚያው በገናው ራሱ ይጠፋል። ወፍራሙን የበገና ድምፅ በትንሿ የስልክ ስፒከር እንኳ የሚያሰማው ያ እዝዝታ ነውና።

ሌላው አታላይ ጩኸት ነው። በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀነስ ጆሮ ከሁሉ ይልቅ ለቤዙ ይደነዝዛል። ስለዚህ ጮክ ተደርጎ የተሰማ ዘፈን ሁሉ የሞላ ይመስላል። ወጣቱን ያን ሌሊት የሸወደው ይህ ነው።

ጩኸት የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከመሸወድ ያለፈ ነው። የአሜሪካ የሥራ ላይ ጤና ተመራማሪዎች የሚመክሩት ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት ብቻ። ጩኸት የጎዳው ጆሮ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደነዝዘው 4,000 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የ«ጠ» ሰፈር መሆኑ ነው። በዚህ መንገድ የጠፋ መስማት አይመለስም። ደንበኛው «ጨምርበት» ባለ ቁጥር የሚጨምር ባለሙያ ግጥም የሚያድንበትን ጆሮ በገዛ እጁ እየበላ ነው።

ከወራት በኋላ ወጣቱ ያንኑ ዘፈን ከፈተ። የድምፃዊቷን ድምፅ ከፍ አላደረገም። ኪቦርዱን 3,000 አካባቢ በ3 ዴሲቤል ቀነሰ፤ ጊታሩን 250 አካባቢ ትንሽ አሳሳ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስክሪኑን አጥፍቶ ሰማው።

ጠዋት እንደገና ታክሲ ውስጥ አስከፈተው። አዝማቹ ደረሰ፣ አለፈ። ማንም ምንም አልጠየቀም። መስኮት ጥግ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ብቻ፣ አዝማቹ ሲደገም፣ በለሆሳስ «መጣ» አለች።